በአካልና በድምፅ የሚታዘዙ የቪዲዮ ጨዋታዎች ከሰሚት ቤቶች አንጻር ሲመዘኑ

1. መግቢያ

ጨዋታ ከሕፃናት አስተዳደግና ከትምህርት ጋር ያለው ዝምድና ለትምህርት ባለሙያዎች አዲስ ነገር አይደለም። ሕፃን መቁጠርን በገበጣ፣ የአካል ሚዛን መጠበቅን በሰኞ ማክሰኞ፣ ማነጣጠርን በብይ እንደሚለማመድ ማናቸውም የአንደኛ ደረጃ መምህር ያውቀዋል። በአሁኑ ጊዜ ግን የከተማ ልጅ ከጨዋታ ጊዜው ከፊሉን የሚያሳልፈው በቴሌቪዥን መስተዋት ፊት በመሆኑ፣ የቪዲዮ ጨዋታም እንደ መጽሐፍና እንደ ፊልም ሁሉ ሂስ ሊቀርብበት የሚገባ ሥራ ሆኗል። ሂስ ሲባልም ማውገዝ ወይም ማሞገስ ማለት ሳይሆን፣ ሥራው አደርገዋለሁ ያለውን ነገር ማድረግ አለማድረጉን መመርመር ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ርእሰ ጉዳይ ከቪዲዮ ጨዋታዎች መካከል አንዱ ወገን ብቻ ነው። ይኸውም ተጫዋቹ በተለምዶ ጆይስቲክ የሚባለውን መቆጣጠሪያ በመጫን ፈንታ፣ በአካሉ እንቅስቃሴ ወይም በአንደበቱ እንዲያዝ ተደርጎ የተሠራው ወገን ነው። የእነዚህ ጨዋታዎች አምራቾች ለሕዝብ የሰጡት ተስፋ ትልቅ ነበር። የቁልፎችን ሥራ ማጥናት አያስፈልግም፤ ሰው ሁሉ አካልና ድምፅ ስላለው፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም ያለ ምንም ልምምድ ሊጫወት ይችላል የሚል ነው።

ይህ ተስፋ እዚህ የሚመዘነው በአዲስ አበባ ምሥራቅ ከሚገኘው ከሰሚት አካባቢ አንጻር ነው። ሰሚት የተመረጠው የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች፣ ግቢ ያላቸው ቪላዎች፣ ትምህርት ቤቶችና በሰዓት ወይም በጨዋታ ሒሳብ የሚያስከፍሉ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ጎን ለጎን የሚገኙበት ሰፈር በመሆኑ ነው። የአንድ መሣሪያ ጠባይ በልዩ ልዩ የኑሮ ሁኔታ ውስጥ ምን እንደሚመስል ለማየት እንዲህ ያለ ሰፈር ያመቻል። የጽሑፉም አቋም ይህ ነው፦ መሣሪያዎቹ «የሰው ሁሉ» ያሉት አካልና ድምፅ፣ ቀረብ ተብሎ ሲታይ፣ የአንድ ዓይነት ቤት፣ የአንድ ዓይነት እንቅስቃሴና የጥቂት ቋንቋዎች ብቻ ሆኖ ይገኛል። ይህም ለትምህርት የሚሆኑ ጨዋታዎችን ለመሥራት ወይም ለመግዛት የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ ሊያጤነው የሚገባ ጉዳይ ነው።

2. የመሣሪያዎቹ አመጣጥና አሠራር

ሐሳቡ ብዙዎች እንደሚገምቱት የቅርብ ጊዜ አይደለም። የጃፓኑ ኔንቲዶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ፋሚኮም የተባለ መሣሪያ በሁለተኛው መቆጣጠሪያው ላይ ማይክሮፎን ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ፓወር ግላቭ የተባለ፣ እጅ ላይ የሚጠለቅ መቆጣጠሪያ ለገበያ ቀረበ፤ ነገር ግን የእጅን አቅጣጫ በትክክል መለየት ስላልቻለ ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ኔንቲዶ በጃፓን ተጫዋቹ ፒካቹ የተባለውን ምናባዊ እንስሳ በድምፁ እየጠራ የሚያነጋግርበት ጨዋታ አወጣ። ሶኒ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2003 ለፕሌይስቴሽን 2 የሚሆን አይቶይ የተባለ ካሜራ ሸጠ።

ሐሳቡ በሰፊው ሕዝብ ዘንድ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2006 ኔንቲዶ ዊ የተባለውን መሣሪያ ባወጣ ጊዜ ነው። የዊ መቆጣጠሪያ በውስጡ የእንቅስቃሴን ፍጥነት መጨመርና መቀነስ የሚለካ ትንሽ ጠቋሚ አለው። ተጫዋቹ መቆጣጠሪያውን እንደ ቴኒስ ራኬት ሲያወዛውዝ በመስተዋቱ ላይ ያለው ምስልም ራኬቱን ያወዛውዛል። መሣሪያው ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ይህን ያዩት ተወዳዳሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ተከተሉ፤ ሶኒ ፕሌይስቴሽን ሙቭን፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ ኪኔክትን አወጡ።

ኪኔክት ከሁሉም የተለየ ነበር፤ ተጫዋቹ በእጁ የሚይዘው ምንም ነገር የለም። መሣሪያው ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን በክፍሉ ውስጥ ይረጭና ከዚያ ርቀትን በማስላት የሰውን አካል ይለያል፤ 20 የመገጣጠሚያ ነጥቦችንም በሰከንድ 30 ጊዜ ይከታተላል። አራት ማይክሮፎኖች ስላሉት ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ለመለየት ይችላል። በገበያ በዋለ በ60 ቀናት ውስጥ 8 ሚሊዮን ያህል ተሸጠ። ይሁን እንጂ ዕድሜው አጭር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኤክስቦክስ ዋን ከኪኔክት ጋር ተጣምሮ በ499 የአሜሪካ ዶላር ለገበያ ቀረበ፤ በሰኔ 2014 ያለ ኪኔክት በ399 ዶላር መሸጥ ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ማምረቱ ቆመ። በሰባት ዓመት ውስጥ የተከናወነው ይህ አወጣጥና አወዳደቅ የገበያ ጉዳይ ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ኪኔክት አካልን የሚለየው በተፈጥሮው ዓይን ስላለው ሳይሆን፣ እጅግ ብዙ የአካል ቅርጾች በምሳሌነት ቀርበውለት ስለሠለጠነ ነው። ንግግርንም የሚለየው እንዲሁ የሰዎች ንግግር ተቀርጾ ስለተሰጠው ነው። ባጭሩ መሣሪያው ራሱ ተማሪ ነው፤ ያልተማረውን አያውቅም። ስለዚህ «ተጫዋቹ ምንም መማር አያስፈልገውም» ሲባል፣ መጠየቅ ያለበት ተከታይ ጥያቄ «መሣሪያውስ የማንን አካልና የማንን ቋንቋ ተምሯል?» የሚለው ነው።

3. የቤቱ ስፋትና የጨዋታው ስፋት

የማይክሮሶፍት መመሪያ ኪኔክትን ለአንድ ተጫዋች ከመሣሪያው 1.8 ሜትር፣ ለሁለት ተጫዋቾች ደግሞ 2.4 ሜትር ያህል ርቆ መቆምን ይመክር ነበር። ይህ ርቀት ከመሣሪያው እስከ ተጫዋቹ ብቻ ነው፤ ከተጫዋቹ ጀርባና ግራ ቀኝ ለመንቀሳቀሻ የሚያስፈልገው ቦታ ተጨማሪ ነው።

አሁን ይህን ልክ ወደ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ይዘነው እንግባ። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2004 በቦሌ ገርጂ በሙከራ ግንባታ በተጀመረው የቤቶች ልማት ፕሮግራም መሠረት፣ ስቱዲዮ የሚባለው ቤት እስከ 20 ካሬ ሜትር፣ ባለ አንድ መኝታ ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለት መኝታ ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር እንዲሆን የታቀደ ነው። በስቱዲዮ ውስጥ አልጋ፣ ሶፋ፣ ቡፌ፣ የልብስ ቁምሳጥንና ቴሌቪዥን ተቀምጠው የሚቀረው ነጻ ወለል፣ አንድ ልጅ እጁን ዘርግቶ ለመዞር እንኳ የማይበቃበት ጊዜ ብዙ ነው። ባለ አንድ መኝታውም ቢሆን፣ እንግዳ ሲመጣ ረከቦት የሚዘረጋበት፣ ልጆች የቤት ሥራ የሚሠሩበትና ቤተሰቡ የሚመገብበት ክፍል ያው አንዱ ሳሎን ነው። መሣሪያው የሚጠይቀው ርቀት እንዲገኝ ሶፋው መነሣት አለበት፤ ሶፋው የሚነሣበት ቦታ ደግሞ የለም።

ችግሩ በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። በአሜሪካም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2011 ናይኮ የተባለ ኩባንያ በኪኔክት ላይ ተገጥሞ የሚፈለገውን ርቀት የሚያሳጥር መነጽር እስከ መሸጥ ደርሷል። ዊም የራሱ ጣጣ ነበረው። ተጫዋቾች መቆጣጠሪያውን ከእጃቸው እያመለጣቸው ቴሌቪዥንና ዕቃ ስለ ሰበሩ፣ ኔንቲዶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 ሦስት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ያህል የእጅ ማሰሪያዎችን ጠንከር ባሉ ለመተካት ተገዷል። ሰፊ ሳሎን ባለው ቤት ይህ ከደረሰ፣ ግድግዳና ግድግዳው በተቀራረበበት ቤት ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ከወለሉ ስፋት ሌላ የጎረቤት ጉዳይ አለ። በፎቅ ቤት የአንዱ ወለል የሌላው ጣሪያ ነው። ዝላይን እንደ ትእዛዝ የሚቆጥር ጨዋታ በሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲከፈት፣ በሁለተኛው ፎቅ የሚኖረው ሰው ሳይፈልግ የጨዋታው ተካፋይ ይሆናል። እንዲሁም ኤክስቦክስ ዋን በ2013 ሲታወጅ ካሜራውና ማይክሮፎኑ ሁልጊዜ ተያይዘው እንዲኖሩ መታቀዱ በውጭ አገር ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶ፣ ኩባንያው ዕቅዱን በዚያው ዓመት ለውጧል። ተቃውሞው የመጣው ከመኝታ ቤቱ የተለየ ሳሎን ካለው ሕዝብ ነው። መኝታውም፣ ጸሎቱም፣ የቤተሰቡ ምክክርም በአንድ ክፍል ውስጥ በሚካሄድበት ቤት ነገሩ የበለጠ የሚያሳስብ እንደሚሆን ግልጽ ነው።

በአንጻሩ ግቢ ባለው ቪላ ወይም ሰፊ ሳሎን ባለው የሪል እስቴት ቤት ያው መሣሪያ ያለ ችግር ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ሰፈር ውስጥ፣ ምናልባትም በአንድ ክፍል የሚማሩ ሁለት ልጆች ለአንድ ጨዋታ እኩል አይደሉም። በጆይስቲክ የሚደረገው ጨዋታ ግን አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦም ይቻላል። ከዚህ እንደምንረዳው፣ «ቀላል» የተባለው የአካል ትእዛዝ ከቁልፉ ይልቅ ብዙ ሀብት የሚጠይቅ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሀብቱም ቦታ ነው።

4. አካሉ፦ ምን ይለካል? ምን ይቀራል?

የሂስ ሚዛን ጉድለትን ብቻ የሚቆጥር መሆን የለበትም። ከዊ ጋር የቀረበው ዊ ስፖርትስ የተባለው ጨዋታ በዓይነቱ የተሳካ ሥራ ነው። ቴኒስ፣ ቤዝቦል፣ ቦውሊንግ፣ ጎልፍና ቦክስ አምስቱም አንድ ጠባይ አላቸው፤ የክንድ መወዛወዝ ብቻ ይበቃቸዋል። በቴኒሱ ላይ ተጫዋቹ መሮጥ አይጠየቅም፤ ምስሉ ራሱ ይሮጥለታል። የጨዋታው አዘጋጆች መሣሪያው ሊለካ የሚችለውን አውቀው ከዚያ በላይ አልጠየቁም። የሥራው ውበትም በዚህ ልከኝነት ላይ ነው። ብዙዎቹ የኪኔክት ጨዋታዎች ግን መላውን አካል እናያለን ብለው ስለ ተነሡ፣ የሚዘገይና የሚሳሳት ዓይን ይዘው ከተጫዋቹ ፍጹም እንቅስቃሴ ጠየቁ። ውጤቱም ተጫዋቹ ለመሣሪያው እንዲገባው ሲል ከተፈጥሮው ውጭ ዘርጋና ዘገም እያለ እንዲንቀሳቀስ ሆነ።

ሆኖም በዊ ስፖርትስም ውስጥ ቢሆን አንድ ነገር ታይቷል። የለመዱ ተጫዋቾች ክንዳቸውን ሙሉ በሙሉ ማወዛወዝ እንደማያስፈልግ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጠው የእጅ አንጓቸውን ብቻ ቢያንቀሳቅሱ ያው ውጤት እንደሚገኝ ደረሱበት። ይህ ለትምህርት ሰው ትርጉም ያለው ነገር ነው። ተማሪ የሚማረው መምህሩ የሚናገረውን ሳይሆን ነጥብ የሚያስገኝለትን ነው፤ ፈተናው የእጅ አንጓን ብቻ የሚለካ ከሆነ የሚሠለጥነውም የእጅ አንጓ ብቻ ነው።

ከዚህ የከፋው የሚለካው ነገር ከባህል ጋር ሲጋጭ ነው። ጀስት ዳንስ የተባለውና እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሚወጣው የውዝዋዜ ጨዋታ በዊ ላይ የሚለካው መቆጣጠሪያውን የያዘውን ቀኝ እጅ ብቻ ነበር። አሁን አንዲት የሰሚት ተማሪ በዚህ መሣሪያ ፊት እስክስታ ትውረድ እንበል። እጇ ወገቧ ላይ ነው፤ የሚናገረው ትከሻዋና አንገቷ ነው። በዚህ መሣሪያ ዘንድ እርሷ ቆማለች ማለት ነው። በጎጃምና በጎንደር፣ በወሎና በሸዋ ሕዝብ ዘንድ የጭፈራ ዋና ነገር የሆነው የትከሻ እንቅስቃሴ ዜሮ ነጥብ፣ ክንድ ወዲያና ወዲህ መወርወር ግን ሙሉ ነጥብ ያገኛል። መሣሪያው እስክስታን አልናቀም፤ አላወቀውም። ለልጅቷ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው፤ እርሷ የምታየው ነጥቡን ነውና።

5. ድምፁ፦ ማን ይሰማል?

የኪኔክት የድምፅ ትእዛዝ በ2010 ሥራ ሲጀምር የሠራው በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በጃፓንና በሜክሲኮ ነበር። ሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች ቆየት ብለው ተጨመሩ። አማርኛም ሆነ ሌላ የኢትዮጵያ ቋንቋ እስከ ፍጻሜው አልተጨመረም። ስለዚህ የድምፁን ተስፋ በተመለከተ የሰሚት ተጫዋች ሁለት ምርጫ ብቻ ነበረው፤ ዝም ማለት፣ ወይም እንግሊዝኛን መሣሪያው በተማረው ቅላጼ መናገር።

ይህ የሆነው አማርኛ ለመሣሪያ የማይመች ቋንቋ ስለሆነ ነው የሚል ካለ፣ የአገራችን ምርምር ታሪክ ይቃወመዋል። ማርታ ይፍሩ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ባቀረቡት ጥናት፣ ማይክሮሶፍት ዎርድ የተባለውን የጽሕፈት ፕሮግራም በአማርኛ ድምፅ ለማዘዝ የሚያስችል ሙከራ አድርገዋል። ይህ ኪኔክት ከመውጣቱ ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ሰሎሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ያደረጉት የአማርኛ ንግግር ስብስብ ደግሞ ለሥልጠና የሚሆን የ100 ተናጋሪዎችን የ20 ሰዓት ያህል ንባብ ይዟል። በእንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. በ2015 ለሕዝብ የተለቀቀው ሊብሪስፒች የተባለው ስብስብ ግን 1000 ሰዓት ያህል ነው። ልዩነቱ የቋንቋው ሳይሆን የቀረጻውና የገንዘቡ መሆኑን እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ያሳያሉ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 አማርኛን በንግግር ከሚጻፍባቸው ቋንቋዎች መካከል ሲጨምር፣ ነገሩ የሚቻል መሆኑ ለማንም ግልጽ ሆኗል።

ይሁንና የእንግሊዝኛውን የትእዛዝ ዝርዝር ወደ አማርኛ ቃል በቃል መመለስ ብቻውን አይበቃም። በቋንቋው ጠባይ ምክንያት የሚነሡ ቢያንስ ሁለት ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛው መጥበቅና መላላት ነው። በጽሕፈት አንድ የሆኑ ቃላት በንግግር ይለያያሉ። «ዋና» ሲጠብቅ ከሁሉ የሚቀድም፣ ሲላላ ውኃ ውስጥ መዋኘት ነው። ተጫዋቹ ወደ ዋናው ማውጫ ለመመለስ ፈልጎ «ዋና» ቢል፣ ጆሮው መጥበቅን የማይለይ መሣሪያ ጀግናውን ወንዝ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። «ገና»ም እንዲሁ ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉና ጨዋታው፣ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። በሌላ ቋንቋ ላይ የተመሠረተ መሣሪያ ይህን ልዩነት የማዳመጥ ልማድ ላይኖረው ይችላል።

ሁለተኛው የትእዛዝ አንቀጽ ነው። በእንግሊዝኛ ትእዛዝ አንድ መልክ ብቻ አለው። በአማርኛ ግን ያለ ታዛዥ ትእዛዝ የለም፤ ተናጋሪው የሚያዘው ወንድ፣ ሴት፣ ብዙ ወይም የሚከበር ሰው መሆኑን ሳይወስን አንድ ቃል እንኳ ሊያወጣ አይችልም። ክፈት፣ ክፈቺ፣ ክፈቱ፣ ይክፈቱ ይላል። ለውጡ በቅጥያ ብቻ አይደለም፤ ድምፁ ራሱ ይለወጣል፤ ክፈት ክፈቺ፣ ውሰድ ውሰጂ፣ ዝለል ዝለይ ይሆናል። ስለዚህ ልጅ መሣሪያውን ምን ብሎ ይጥራው? ጀግናዋ ሴት ከሆነችስ? በመስተዋቱ ላይ ያለው ገጸ ባሕርይ ሽበታም መምህር ከሆነስ «ዝለል» ይበላቸው? እነዚህ የቴክኒክ ጥያቄዎች ቢመስሉም በእርግጥ የአስተዳደግ ጥያቄዎች ናቸው። ልጅ በቀን ብዙ ጊዜ የሚደጋግመው የትእዛዝ መልክ የንግግር ልማዱ መሆኑ አይቀርምና።

6. በጨዋታ ቤቱ ውስጥ ያለው ድምፅ

በአዲስ አበባ የጨዋታ ቤቶች የተለመደው ፕሌይስቴሽን ሲሆን፣ ከሁሉ የሚዘወተረውም እግር ኳስ ነው። እግር ኳስ በድምፅ ትእዛዝ ታሪክም ውስጥ ቦታ አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ፊፋ 13 በኤክስቦክስ 360 ላይ ከኪኔክት ጋር ሲሠራ፣ ተጫዋቹ አሰላለፍ ለመለወጥና ተቀያሪ ለማስገባት በአንደበቱ ማዘዝ ይችል ነበር፤ ዳኛን መሳደብም የሚያስከትለው ነገር ነበረው።

ይህን አሠራር ወደ አንድ የሰሚት ጨዋታ ቤት ብናመጣው ግን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይፈርሳል። በአንድ ጠባብ ክፍል አራትና አምስት ቴሌቪዥኖች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ ከየአንዳንዱ ጀርባ ተራ የሚጠብቁ ልጆች ቆመዋል። «አቀብል!»፣ «ምታው!»፣ «ወደ ኋላ መልስ!» የሚለው ጩኸት አያቋርጥም። መሣሪያ የየትኛውን ልጅ ቃል ይስማ?

እዚህ ላይ ግን ጠለቅ ብሎ ማየት ይገባል። በጨዋታ ቤቱ ውስጥ የድምፅ ትእዛዝ የለም ማለት ስሕተት ነው፤ ሞልቷል። ትእዛዙ የሚሰጠው ግን ለመሣሪያው ሳይሆን ለተጫዋቹ ነው። ተመልካቹ ያዛል፣ ተጫዋቹ ይሰማል ወይም አልሰማም ይላል፣ ጎል ሲገባበትም ምክሩን ባለመስማቱ ይወቀሳል። ድምፅ በሰውና በሰው መካከል ሲሆን ማሳመን፣ መቀለድና መከራከር አለበት። ለመሣሪያ ሲሆን ግን አንዲት የተወሰነች ቃል በተወሰነ አነጋገር ወደ ማለት ይወርዳል። የድምፅ ጨዋታዎች አዘጋጆች ተጫዋቹን ብቻውን ሳሎኑ ውስጥ ከመሣሪያው ጋር የሚነጋገር ሰው አድርገው ሲያስቡት፣ በእውነተኛው ጨዋታ ውስጥ ያለውን ይህን ከሁሉ የበለጠ ድምፅ እንደ ረብሻ ቆጥረውታል።

7. ስለ ትምህርታዊ ጥቅማቸው የተነገረው

የአካል ጨዋታዎች ለትምህርት ቤት ይጠቅማሉ የሚለው አስተያየት ያለ መነሻ የመጣ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ጠንከር ያለ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በአሜሪካ የዌስት ቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ2006 ኮናሚ የሠራውን፣ በእግር እየረገጡ የሚጫወቱትን ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን በ765ቱም የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹ ለማዳረስ ማቀዱን አስታውቆ ነበር።

በሌላ በኩል በሂዩስተን በሚገኘው የቤይለር የሕክምና ኮሌጅ ቶም ባራኖውስኪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ፔዲያትሪክስ በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት የተለየ ውጤት አሳይቷል። አካል የሚያንቀሳቅሱ የዊ ጨዋታዎች የተሰጧቸው ልጆች ተቀምጠው የሚጫወቷቸው ጨዋታዎች ከተሰጧቸው ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ፣ የአካል እንቅስቃሴያቸው በልጦ አልተገኘም። ጨዋታውን ለልጁ ወደ ቤቱ መስጠት ብቻውን ልጁን አያንቀሳቅስም ማለት ነው።

ሁለቱን ጉዳዮች አጣምሮ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ በመሣሪያው ውስጥ ሳይሆን ከመሣሪያው ውጭ ነው። በትምህርት ቤት ሰዓት አለ፣ ቦታ አለ፣ ከሁሉም በላይ መምህር አለ። በቤት ውስጥ ግን ልጁ ከእጅ አንጓው ብልሃት ጋር ብቻውን ቀርቷል። በሰሚት ኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መካከል ባለው ክፍት ቦታ ሱዚ የሚዘልሉትና በሰኞ ማክሰኞ ላይ የሚያነክሱት ልጆች፣ መሣሪያ ሊለካው የሚሞክረውን እንቅስቃሴ ያለ ኤሌክትሪክ ያደርጉታል። ስለዚህ ለአካል ማጎልመሻ ገንዘብ ያለው ትምህርት ቤት በቅድሚያ ሜዳውን ቢጠብቅ ይሻለዋል።

ነገር ግን አንድ መስክ ተለይቶ ሊታይ ይገባል። በእጃቸው ቁልፍ መጫን ለሚሳናቸው ልጆች የድምፅ ትእዛዝ የቅንጦት ነገር አይደለም፤ የመጫወትና የመማር በር ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2018 የአካል ጉዳት ላለባቸው ተጫዋቾች የሚሆን ልዩ መቆጣጠሪያ ማውጣቱ ጉዳዩ ክብደት የተሰጠው መሆኑን ያሳያል። በልዩ ፍላጎት ትምህርት በኩል የአማርኛ የድምፅ ትእዛዝ ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባውም ስለዚህ ነው።

8. ከአገር ጨዋታ የሚገኝ ትምህርት

ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ኩኩሉ የተባለ የስልክ ጨዋታ ሠርቷል። በጨዋታው አንዲት ዶሮ ከሚያሳድዳት ገበሬ ትሸሻለች፤ ተጫዋቹም በጣቱ መስተዋቱን እየዳበሰ ያስመልጣታል። ሥራው የአገርን ስምና የአገርን ትዕይንት ይዞ በመቅረቡ የሚመሰገን ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን ስሙ ነው። ኩኩሉ የዶሮ ድምፅ ብቻ ሳይሆን፣ ልጆች ከጥንት ጀምሮ የሚጫወቱት የድብብቆሽ ጨዋታ ጥሪም ነው። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ ይጠራል፤ ተደባቂዎቹ ገና ካልተደበቁ አልነጋም ብለው ይመልሳሉ፤ ሲዘጋጁ ነጋ ይላሉ። መላሹ ሲመልስ ያለበትን አቅጣጫ ስለሚያሳብቅ ድምፁን ያሳንሳል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ያታልላል። ፈላጊው ደግሞ በጆሮው ይፈልጋል።

ይህ እንግዲህ በድምፅና በአካል የሚታዘዝ ጨዋታ ነው። ከላይ እንደተገለጸው የኪኔክት አራት ማይክሮፎኖች የድምፅን አቅጣጫ ለመለየት ይችሉ ነበር፤ ማለትም መሣሪያው ኩኩሉን ለመጫወት የሚበቃ ጆሮ ነበረው። ነገር ግን ያ ጆሮ ባብዛኛው የዋለው የፊልም ማጫወቻ ለመክፈትና ለመዝጋት ነው። የጎደለው ጨዋታው የሚመነጭበት ልምድ እንጂ መሣሪያ አልነበረም። ልጆች ለሚሰማው ብቻ ሳይሆን ለሚያዳምጠው ድምፅ የሚሆን ጨዋታ እንዳላቸው ያወቀ አዘጋጅ ከሰሚት ወይም ከሌላ የኢትዮጵያ ሰፈር ቢነሣ፣ ውድ ካሜራ ሳያስፈልገው በአንድ ተራ ስልክ ማይክሮፎን ሊጀምር ይችላል።

9. ማጠቃለያ

በአካልና በድምፅ የሚታዘዙ ጨዋታዎች ቁልፍን አስወግደው ሰውን ወደ ተፈጥሮው እንመልሳለን ብለው ተነሡ። ይሁን እንጂ ቁልፍ ለማንም እኩል ነው፤ የአማርኛ ተናጋሪው ጣትና የእንግሊዝኛ ተናጋሪው ጣት በቁልፉ ዘንድ ልዩነት የላቸውም። አካልና ድምፅ ግን ቤት፣ ባህልና ቋንቋ አላቸው። መሣሪያው እነዚህን ሳይማር ሲቀር፣ ጉድለቱ የመሣሪያው ሆኖ ሳለ በልጁ ላይ የተላከከ ይመስላል። ሦስት ጊዜ ተናግሮ ያልተሰማ ልጅ መሣሪያው አላዋቂ ነው ብሎ አይደመድምም፤ አነጋገሬ ልክ አይደለም ብሎ ይደመድማል። በንግግር የሚታዘዙ የትምህርት መሣሪያዎች በስልክና በታብሌት አማካይነት ወደ መማሪያ ክፍል በሚገቡበት በአሁኑ ጊዜ ይህ ጉዳይ ከጨዋታ ያለፈ ነው።

በመሆኑም እንዲህ ያለ ጨዋታ ወይም የትምህርት መሣሪያ ለተማሪዎች ከመመረጡ በፊት አራት ጥያቄዎች ቢጠየቁ መልካም ነው። ከተማሪዎቹ መካከል ከሁሉ በጠበበው ቤት የሚኖረው ልጅ ሊጠቀምበት ይችላልን? የሚለካው እንቅስቃሴ ልናስተምረው የምንፈልገው እንቅስቃሴ ነውን? ልጁ በአፍ መፍቻ ቋንቋው፣ በወንድም በሴትም አነጋገር፣ ቢናገር ይሰማልን? ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን የሚወጣው ድምፅ ለጨዋታው ረብሻ ነው ወይስ የጨዋታው ክፍል? ለእነዚህ ጥያቄዎች በቂ መልስ የሌለው መሣሪያ ምንም ያህል አዲስና ውድ ቢሆን፣ በሕንፃዎቹ መካከል በኖራ ከተሰመረ አንድ ሰኞ ማክሰኞ አይበልጥም።